የተላከ ድምፅ፣ ያልተላከ ድምፅ

ካሴቶቹ የመጡት በማዳበሪያ ተቋጥረው ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የካሜራ ገመድ እየጠቀለልኩ ሳለ በቤተ ክርስቲያናችን ሁሉም ሰው "እማማ" የሚላቸው እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ልጁ ማዳበሪያውን እግሬ ሥር ዱብ አደረገው።

"የባለቤቴ ናቸው" አሉኝ። "እሱም ሄደ፤ ቤቱም ሊፈርስ ነው እየተባለ ነው። በዚያ በኢንተርኔታችሁ ሰው እንዲሰማው አድርጉልኝ።"

ቆጠርኳቸው፤ 63 ናቸው። አብዛኞቹ የ60 ደቂቃ፣ የቀሩት የ90 ደቂቃ ካሴቶች ነበሩ። ላያቸው ላይ በቢክ እስክሪብቶ "ጥላሁን"፣ "ማሕሙድ ቁጥር 2"፣ "የሠርግ" የሚል ተጽፏል። ቤት ወስጄ የመጀመሪያውን "ጥላሁን" ከተውሶ ቴፕ ውስጥ ስከተው የወጣው ድምፅ ሰባኪ ነበር። ሁለተኛውም ሰባኪ፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የሚዲያ አገልግሎት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የእሑዱን ስብከት እቀርጻለሁ፣ አሳጥራለሁ፣ ማክሰኞ ማታ ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ፣ ድምፁን ብቻ ደግሞ ቴሌግራም ላይ እጭናለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሥራ እኛ የጀመርነው አድርጌ ነበር የማስበው። አባቶቻችን መጽሐፍና ጉባኤ ነበራቸው፣ እኛ ቻናል አለን፤ በቃ። ማዳበሪያው ግን ሌላ ታሪክ ይዞ መጣ። ከታሪኩም ጋር እስከ ዛሬ ያልጠየቅኩትን አንድ ጥያቄ አመጣ፦ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ድምፅ ሁሉ ሊላክ የተነገረ ነው ወይ?

ታሪኩን ከመጀመሪያው ልጀምር። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ መረቁ። ስሙ ብሥራተ ወንጌል ነው፤ የሚያስተዳድረው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነበር። ዩቲዩብ ሊፈጠር ገና 42 ዓመት ይቀረዋል። ጣቢያው ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት፤ ከእነዚህ የሚወጣው ድምፅ ከአፍሪካ አልፎ እስከ መካከለኛው ምሥራቅና እስያ ይደርስ ነበር። በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በዐረብኛ፣ በማላጋሲ፣ በሂንዲ፣ በሌሎችም ቋንቋዎች ያሠራጫል። የአሠራሩ ዘዴ ዛሬም ያስደንቀኛል። ፕሮግራሞቹ በየአገሩ ባሉ ትናንሽ ስቱዲዮዎች ይቀረጹና ጥቅልል ክሮቹ በፖስታ አዲስ አበባ ይመጣሉ። እዚህ ተጭነው በአየር ላይ ወደመጡበት አገር ይመለሳሉ። ህንድ ያለ ሰው የአገሩን ሰው ስብከት የሚሰማው በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ነበር ማለት ነው። በእኛም በኩል የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምሥራች ድምፅ የተባለ ስቱዲዮ ነበራት።

ጣቢያው ስብከት ብቻ አልነበረም። ከአየር ጊዜው 30 በመቶ ያህሉን ለወንጌል፣ ቀሪውን ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለእርሻ ነበር የሚያውለው። በዚያ ዘመን ወጣት የነበሩ ሰዎች ስለ ብሥራተ ወንጌል ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ዜናውን ነው። አንድ የእኛ ሽማግሌ "ለዜናው ከፍቼ ስብከቱ ላይ ተያዝኩ" እያሉ ይቀልዳሉ።

ሬዲዮ አንድ ጠባይ አለው፤ የሚናገረውን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚሰማውን ግን ማንም አያውቀውም። ሰሚው በጓዳው፣ በእርሻው፣ በሱቁ ሆኖ ይሰማል። ካልወደደ ቁልፉን ያዞራል። ከወደደ ለጣቢያው ደብዳቤ ይጽፋል። ማን ሰማ፣ ስንት ደቂቃ ሰማ፣ የት ላይ ተወው የሚለውን የሚቆጥር መሣሪያ አልነበረም። ተናጋሪውም ይህን ስለሚያውቅ አስቦ፣ ጽፎ፣ ለማያውቀው ሰው እንደሚናገር ሆኖ ነበር የሚናገረው።

ትልቅ ማሠራጫ ግን አንድ ድክመት አለበት፤ የት እንደቆመ ሁሉም ያውቃል። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። ማሠራጫዎቹ ከቆሙበት አልተነቀሉም። ከእነሱ የሚወጣው ግን ከእንግዲህ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን በአገሯ ላይ የነበራት ትልቁ አፍ በአንድ ቀን ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ወንጌል ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ገና በንጉሡ ዘመን መከራ የጀመረው የሙሉ ወንጌል ጉባኤም በየቤቱ ተበትኖ ነበር። መፈክር አላሰማም፣ ግራ እጄን አላነሣም ያለ "ጴንጤ" ቀበሌ ይጠራል። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ እንደ ዕድሉ ነው።

ሌላ ሬዲዮ ነበር፤ ከሲሸልስ ደሴቶች ያሠራጭ የነበረው ፌባ በአማርኛ ይደመጥ ነበር። ነገር ግን እሱን ለመስማት ሬዲዮውን ጆሮ ላይ ለጥፎ ሞገድ መፈለግ፣ ጎረቤት እንዳይሰማም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚህ መሐል ነው ካሴት የገባው።

አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። የካሴት ቴፕን ፊሊፕስ ለዓለም ያሳየው በበርሊን ትርኢት ላይ፣ ብሥራተ ወንጌል በተመረቀበት በዚያው ፈረንጅ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የአንዱ ዕድሜ ሲያበቃ ሌላው ሥራውን ተረከበ ማለት ይቻላል። ካሴት ትንሽ ነው፤ ኮት ኪስ ይገባል፣ እንጀራ ሥር ይደበቃል። ማሠራጫ አያስፈልገውም። ሁለት ካሴት የሚወስድ ቴፕ ካለ አንዱ እየተጫወተ ሌላው ይቀዳል። ቅጂ ከቅጂ ሲቀዳ ድምፁ እየደከመ፣ ሹክሹክታ የሚመስለው ጩኸት እየበረታ ይሄዳል፤ አራተኛና አምስተኛ ትውልድ ላይ ሰባኪው ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚናገር ይመስላል። ሰው ግን ይሰማዋል።

ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ለዓመታት ታስረው ሳለ መዝሙሮቻቸው በየቤቱ ይዘመሩ የነበሩት በዚህ መንገድ ነው። ስብከትም እንደዚያው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ማኅተም አለ፤ ስብከቱ ግን በሰዎች ቦርሳ ውስጥ ይዞራል። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት፤ ስትከፈት ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ይህ ሁሉ የካሴት ሥራ ነው አልልም። ዋናው ሥራ በየቤቱ አምስት ስድስት ሆነው የተሰበሰቡት ሰዎች፣ ይልቁንም የእናቶች ሥራ ነበር። ካሴቱ የእነዚያን ትናንሽ ክፍሎች ድምፅ ያገናኝ ነበር።

የእማማ ባለቤት — እኔ በመጨረሻ ዕድሜያቸው ነው የማውቃቸው፣ ጋሼ ነበር የምላቸው — የአንድ ሰፈር ቀጂ ነበሩ። ይህን ከሞቱ በኋላ ነው የሰማሁት። ደንባቸውን እማማ ነገሩኝ። ካሴት ለማያውቁት ሰው አይሰጡም። ካሴት የሚወስድ ሰው ባዶ ወይም አሮጌ ካሴት ይዞ ይመጣል። የሰማውን ይመልሳል፤ ካልመለሰ ለማን እንደሰጠው ይናገራል። "ቢያዝ እንኳ በማን በኩል እንደሄደ እናውቃለን" አሉኝ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች እያንዳንዱን ሰሚ በስም ያውቁት ነበር። ሬዲዮ ሰሚውን አያውቅም። ካሴት ግን ያውቃል።

* * *

ካሴት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት አቋራጭ የለውም። የ60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀዳል፤ አንተ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። አንዳንዱ ክር እየተንሲያጠጠ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ላይ ክሩን ወደ ማንበቢያው ተጭና የምትይዘው ትንሽዋ ስፖንጅ ወልቃለች፤ እሷን ከሌላ ካሴት ነቅሎ መለጠፍ ነው። የተላላውን በእርሳስ ማጠንጠን። ሦስት ወር እንዲህ ሠራሁ፤ ማታ ማታ።

ከ63ቱ 41 ስብከት ነበሩ። 11 መዝሙር። አንዱ ሻግቶ ድምፅ አልሰጥ አለ። አንዱ ላይ፣ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፣ እውነትም ጥላሁን ወጣ። ጋሼም ሰው ናቸው።

የቀሩት ዘጠኙ ጸሎት ነበሩ።

ስብከቶቹ ያስደስቱኝ ጀመር። ሰባኪዎቹ አይጮኹም፤ ሊጮኹ አይችሉማ። ዛሬ ከምቀርጸው ስብከት ጋር ሳወዳድረው እነሱ ዝግ ብለው፣ ለአንድ ሰው እንደሚያጫውቱ ነው የሚናገሩት። ስም አይጠሩም። ቦታ አይጠሩም። "ወንድማችን እንዳለው" ይላሉ እንጂ ማን እንደሆነ አይናገሩም። ካሴቱ ከክፍሉ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ለሚወጣ ድምፅ የሚገባውን ጥንቃቄ አድርገውለታል።

ጸሎቶቹ ግን ሌላ ናቸው። "77" ተብሎ የተጻፈበትን አንዱን ካሴት ልንገራችሁ። ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች አሉ። ከበስተኋላ ሬዲዮ ይሰማል፤ ዜና ነው፣ ጮክ ተደርጎ ተከፍቷል። በኋላ እንደተረዳሁት ሆን ተብሎ መስኮት ላይ የተቀመጠ ነው፤ ጎረቤት ዜና እንዲሰማ፣ ጸሎት እንዳይሰማ። ምናልባትም ዜናው ይወጣ የነበረው ከዚያው ከቀድሞው የብሥራተ ወንጌል ማሠራጫ ሊሆን ይችላል። በዜናው ሥር ሰዎቹ ስለ ወሎ ረሃብተኛ ይጸልያሉ፤ ያ የድርቅ ዓመት ነው። ከዚያ አንዲት ሴት ትጀምራለች። ስለታሰሩ ሦስት ወንድሞች ትጸልያለች፣ በስማቸው። ከዚያ የጠቆመባቸውን ሰው ትጠራለች፤ እሱንም በስሙ፣ ከነአባቱ ስም። የራሳቸው ሰው ነው፤ አብሯቸው ይጸልይ የነበረ። "ፈርቶ ነው ጌታ ሆይ፣ ልጆች አሉት" ትላለች። እያለቀሰች ይቅርታ ትለምንለታለች።

ቴፑን አቆምኩት። ስሙን አውቀዋለሁ። ዛሬ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያከብራቸው ብዙ ሰው ነው፣ እኔንም ጨምሮ።

* * *

ይህን ካሴት ምን እንዳደረግሁት ከመናገሬ በፊት እኔ እስካለሁበት ጠረጴዛ ድረስ ያለውን መንገድ ልጨርስ፤ ምክንያቱም ጥያቄው የእማማ ካሴት ብቻ አይደለም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የተዘጉት በሮች ተከፈቱ። ካሴት ከኮት ኪስ ወጥቶ ሱቅ ገባ። የኦርቶዶክሱም የወንጌላውያኑም መዝሙርና ስብከት በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ ይሰማ ጀመር። ካሴትን ሲዲ ተካው፣ ሲዲን ቪሲዲ፤ ዘማሪዎች አበባ መሐል ቆመው ሲዘምሩ ያየንበት ዘመን። ከዚያ ደግሞ ሞባይልና ሚሞሪ መጣ፤ በጥቂት ብር ሚሞሪህን መቶ መዝሙር ያስሞሉልሃል።

አየሩ ግን አልተከፈተም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የሃይማኖት ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ እንዳያገኝ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ያሠራጭ እንዳልነበር፣ አሁን የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ ወደ አዲስ አበባ በሳተላይት መላክ ጀመሩ። የቤቱ ጣራ ሁሉ በዲሽ ተሞላ። ሳተላይት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ያለው ይናገራል፣ ገንዘብ ለማግኘትም ማያ ገጹ ግርጌ የባንክ ቁጥር ይሮጣል።

ዩቲዩብና ቴሌግራም ይህን ገለበጡት። አሁን አንድ ስልክ ያለው ሰባኪ ከባለ 100 ኪሎዋቱ ጣቢያ የበለጠ ሊሰማ ይችላል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ አይደለችም፤ ግን የምጭነውን ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ከቤይሩት፣ ከዱባይ፣ ከጅዳ ይጽፉልኛል። አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ናቸው። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር አይፈቀድም፤ ለእነሱ ጉባኤው ስልኩ ነው። ለዚህም ነው ከቪዲዮው ይልቅ ለድምፁ የምጠነቀቀው። የአንድ ሰዓት ስብከት በ32 ኪሎቢት ቢጨመቅ 15 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ቪዲዮው ግን በመቶዎች ሜጋባይት ይሆናል። በትርፍ ሰዓቷ ዕቃ እያጠበች በአንድ ጆሮዋ የምትሰማ እህት ካርዷ የሚበቃው ለ15ቱ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ላይቭ የማይተላለፍ ጉባኤ ጠፋ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። የዚያን ዓመት ፋሲካ ብዙው ምእመን ቅዳሴውን ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ነው የተከታተለው። እኛም ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰባኪ፣ ዘማሪና ካሜራ ብቻ ሆነን ስናሠራጭ ከረምን። ሰዉ ሲመለስ ካሜራው አልወጣም። ማንም "ይውጣ ወይስ ይቆይ?" ብሎ አልጠየቀም። እንደ አግዳሚ ወንበሩ የቤቱ ዕቃ ሆኖ ቀረ።

የዚህ መንገድ ጉልበት በግልጽ የታየው በ2015 ዓ.ም. ነው። ጥር 14 ቀን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ሲኖዶሱ በነነዌ ጾም ሦስት ቀናት ምእመናን ጥቁር እንዲለብሱ ሲያውጅ ጥሪው በየስልኩ በሰዓታት ውስጥ ተዳረሰ፤ ከተማው ጠቆረ። እኔ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለሁም፤ ግን ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡትን እያየሁ ብሥራተ ወንጌል እንኳ ይህን ያህል ፈጥኖ ሰው አያደርስም ነበር ብያለሁ። የካቲት 2 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘጉ። አምስት ወር ያህል በቪፒኤን ካልሆነ አይከፈቱም ነበር። እኔም ስብከቱን በፍላሽ እየገለበጥኩ ለሚፈልግ ማደል ጀመርኩ። ፍላሽ የሚወስድ ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ሳላውቀው የጋሼን ደንብ እየሠራሁበት ነበር።

* * *

እንግዲህ ወደ ካሴቱ ልመለስ። የሚዲያ ቡድናችን ስድስት ነን፤ ጉዳዩን ለእነሱ አቀረብኩት። ስሙን አልተናገርኩም፤ ነገሩን ብቻ። ከመሐላችን ታናሹ ቶሎ መለሰልኝ፦ "ይህ እኮ ታሪክ ነው። ሁልጊዜ የምንናገረው ደርግ አሳደደን ብለን ነው። ከእኛው መካከል የጠቆመ እንደነበረ ማን ይናገራል? ብንደብቀው ራሳችንን ማሞገስ ነው።" እውነቱን ነው። ይህን ሐሳብ ዛሬም በቀላሉ የምመልሰው አይደለም። ሌላዋ ደግሞ "ስሙን ብቻ ቁረጠው" አለች። እሱም ይቻላል፤ አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። ቆረጥኩት፤ ደግሜ ሰማሁት። የሰፈሩ ስም አለ፣ የታሰሩት ስም አለ፣ የሴትዮዋ ድምፅ አለ። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ የእኔ ሰከንድ ተኩል አያግደውም።

እማማ ቤት ሄድኩ። ቡና አቀረቡልኝ፤ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጀመርኩ።

"እማማ፣ አንዱ ካሴት ላይ ጸሎት አለ። ስም ይጠራል።"

ጀበናውን እንደያዙ ቆዩ። "የሱን?"

"አዎ።"

"ያቺ የምትጸልየዋ እኔ ነኝ። አላወቅከኝም?"

አላወቅኳቸውም። አርባ ዓመት የሰው ድምፅ እንዲህ ይለውጣል። ወይም እኔ አንዲት የማላውቃት ወጣት ሴት እያሰብኩ ስለነበር ነው።

"እኔ የስብከቱን ነው ያልኩህ" አሉ። "ያንንማ ረስቼው ነበር። ልጄ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቅር ብለነዋል። እሱም ቆይቶ መጥቶ እግራችን ላይ ወድቋል፤ የታሰሩትም አንሥተውታል። ይቅር ያልከውን ሰው በማይክ አትጠራውም።"

"ታዲያ ለምን ቀረጻችሁት?" አልኳቸው።

"ለታሰሩት ነዋ! ሲፈቱ እንዲሰሙት። ረስተውናል እንዳይሉ።"

ይህን መልስ ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ያ ካሴት ያልተላከ ድምፅ አልነበረም፤ ተልኳል። አድራሻው ሦስት ሰው ነበር። እነሱ ሰምተውታል፤ መልእክቱ ደርሷል። እኔ ሌላ ሁለት ሺህ ሰው ላይ ብጭነው አዲስ አድራሻ እየጻፍኩበት ነው፤ ላኪዎቹ ያልጻፉትን።

ይህን ካየሁ በኋላ የራሴን የእሑድ ሥራ እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ። ካሜራችን ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ ቡራኬው ድረስ ክፍት ነው። በዚህ መሐል ምስክርነት አለ። አንዲት እህት ቆማ ስለ በሽታዋ፣ ስለ ትዳሯ፣ ስለ ልጇ ሱስ ትናገራለች። የምትናገረው ፊት ለፊቷ ላሉት፣ እሑድ እሑድ አብራቸው ቡና ለምትጠጣቸው ሰዎች ነው። እኔ ግን እዚያው ቅጽበት ለማናውቀው ሁሉ እየላክሁት ነው። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ነገሩ ከዚህም አልፏል፤ የታመመ ሰው ሲወድቅ፣ ምስጢሩ በማይክ ሲነገር የሚያሳየው ቁራጭ ነው ብዙ የሚታየው፤ ብዙ የሚታየውም ነው የሚፈለገው። ያቺ የወደቀችው ሴት ነገ ሥራ ስትፈልግ፣ ልጇ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቪዲዮው እዚያው አለ። ካሴት ሲደጋገም ይደክማል። ይህኛው አይደክምም።

ሬዲዮ ለማያውቀው ሰው ይናገር ነበር፤ ስለዚህ የሚናገረውን ይመርጣል። ካሴት ለሚያውቀው ሰው ይናገር ነበር፤ ስለዚህ ምስጢር ይይዛል። እኛ ለሚያውቀን ሰው የተነገረውን ለማያውቀን ሰው እየላክን ነው፤ መርጠንም አይደለም፣ ካሜራው ስላልጠፋ ብቻ። ከማሠራጫውም ከቴፑም የተሻለ መሣሪያ በእጃችን አለ፤ የሁለቱን ጥንቃቄ ግን አልወረስንም።

ለቡድኑ ሁለት ነገር አቀረብኩ፤ ተከራክረንበት ተስማማን። አንደኛ፣ 41ዱ ስብከቶች ይጫናሉ፤ መዝሙሮቹ የዘማሪዎቹ ወይም የቤተሰባቸው ፈቃድ ሲገኝ። ዘጠኙ የጸሎት ካሴቶች ተቀድተው በቤተ ክርስቲያኑ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣሉ፤ ሊሰማ የሚፈልግ መጥቶ ይሰማል፤ ያ "77" ግን እማማ በሕይወት ሳሉ በእሳቸው ፈቃድ ብቻ። ታናሹ ወንድማችን እስከ መጨረሻው አልተስማማም፤ "አንድ ቀን እውነቱ ያስፈልገናል" አለ። እኔም "ያ ቀን ሲመጣ እንዳይጠፋ ነው የቀዳሁት" አልኩት። ሁለተኛ፣ በምስክርነትና በጸሎት ሰዓት ላይቩ ይቋረጣል፤ ሰውየው ራሱ "ይተላለፍልኝ" ካላለ በቀር።

ሁለተኛው ዋጋ አስከፍሎናል። የሚመለከተን ሰው ቀንሷል። "ዋናው ሲመጣ ታቋርጡታላችሁ" ብለው የሚጽፉልን አሉ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ጅዳ ካለች አንዲት እህት የመጣው ነው፦ "እኔ እኮ አብሬያችሁ የምጸልየው በዚያ ሰዓት ነበር" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለእሷ ለብቻዋ የሚሆን ነገር ገና እየፈለግን ነው። ለጊዜው አምስት ስድስት ሆነው በስልክ የሚጸልዩ እህቶች አገናኝተናታል፤ በስም የሚተዋወቁ።

ስብከቶቹን መጫን ጀምሬአለሁ፤ በሳምንት አንድ። በማሳጠር ሥራ የመጀመሪያው ደንብ ትርፍ ድምፅ መቁረጥ ነው፤ ሳል፣ የወንበር ድምፅ፣ ማይክ ሲነካ። በየካሴቱ የመጀመሪያ ገጽ መጨረሻ ላይ ግን አንድ የወንድ ድምፅ አለ። ሰባኪው ገና ሳይጨርስ፣ ማይኩ አጠገብ ሆኖ፣ በጣም ዝቅ ብሎ "አለቀ፤ ገልብጠው" ይላል። ከዚያ ቴፑ ቀጭ ይላል።

እማማን ደወልኩና ጠየቅኳቸው፤ ጋሼ ናቸው ወይ፣ ልቁረጠው ወይ?

ሳቁ። "እሱንማ ተወው" አሉኝ።